ጀበናዋ ለምን ብልጭ ድርግም አለች?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ አዘጋጆች፣ ጅማ የምማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በቀደም በአርት ክፍለ ጊዜ ስለ ድሮ አኒሜሽን ተማርንና ቲቸር በግሩፕ ሁለት ነገር ስሩ አለን፣ አንዱ ዞይትሮፕ የሚባለው የሚሽከረከር ነገር ሌላው ስቶፕ ሞሽን፣ ዕቃውን ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀስን ፎቶ አንስተን እንደ ፊልም የምናስኬደው። ዞይትሮፑን በካርቶን ሰርተን 12 ስዕል ውስጡ ለጠፍን ግን እያሽከረከርን ከላይ ስናየው የተለቀለቀ ቀለም ብቻ ነው። ስቶፕ ሞሽኑ ደግሞ ጀበና ከማቶቷ ወርዳ ወደ ሲኒዎቹ ስትሄድ ነበር፣ ቅዳሜን ሙሉ መስኮት ስር ቁጭ ብለን 120 ፎቶ አንስተን 5 ሰከንድ ሆኖ ቁጭ አለ፣ እሱም ብልጭ ድርግም ይላል ጀበናዋም ትንቀጠቀጣለች፣ ክላሱ ሁሉ ሳቀብን። ምን አጥፍተን ነው? ደግሞስ ስልክ ላይ አፕ ሞልቶ የድሮ አሻንጉሊት መማር ምን ይጠቅመናል?
ከጅማ

መልስ፦ አይዟችሁ እህታችን። ከላይ አየነው ብለሻል አይደል፣ ጥፋቱ እሱ ነው። ዞይትሮፕ ከላይ አይታይም፣ ጎኑ ላይ በተቀደዱት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አጮልቀሽ ነው ማዶ ያለውን ስዕል የምታይው። ቀዳዳው ዓይንሽ ፊት ሲያልፍ አንዱን ስዕል ለቅጽበት ታያለሽ፣ ወዲያው ካርቶኑ ይጋርድሻል፣ ከዛ ቀጣዩ ይመጣል፣ ያ መጋረዱ ነው ስዕሎቹ እንዳይለቀለቁ የሚያደርገው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሆርነር በ1834 እ.ኤ.አ. ነው ይሄን የሰራው፣ ሲኒማ የሚባል ነገር ሳይኖር ማለት ነው። በኋላ የመጣው የፊልም ማሽንም ፊልሙ ወደ ቀጣዩ ፍሬም (ምስል) ሲጎተት ብርሃኑን የሚጋርድ ሻተር አለው፣ የናንተው ካርቶን ስራ ማለት ነው። አፑ ይሄን ሁሉ ደብቆ ነው የሚሰራልሽ፣ ስለዚህ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደተበላሸ አታውቂም፣ ለኔ የድሮውን የመማር ጥቅሙ ይሄን ማወቅ ነው። 12 ቀዳዳ ከስዕሎቹ ከፍ አድርጋችሁ ቅደዱ፣ የካርቶኑን ውጪ ጥቁር ቀቡት፣ ከዛ በጎን እዩት።

5 ሰከንድ የሆነባችሁ አፑ በሰከንድ 24 ፎቶ ላይ ስለነበረ ነው። 12 ላይ አድርጉት 10 ሰከንድ ይሆናል፣ ባለሙያዎቹም ብዙ ጊዜ አንዱን አቋም ሁለት ሁለቴ ነው የሚያነሱት፣ በ24ቱ ውስጥ 12 አቋም ብቻ ማለት ነው።

ብልጭ ድርግሙ ግን መስኮቱ ነው። የጅማን ሰማይ እኔ አልነግርሽም፣ ደመናው መጣ ሄደ ሲል ስልኩ አውቶ ላይ ስለሆነ በየፎቶው ብርሃኑን እንደገና ያስተካክላል። መጋረጃ ዝጉና ማታ በአንድ አምፖል አንሱ፣ አብዛኛው ስልክ ላይ ስክሪኑን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት ብርሃኑና ፎከሱ ሎክ ይላል። መብራት ከሄደ (ይሄዳል እንጂ) አምፖሉን በቻርጅ ባትሪ አትተኩት፣ መብራት እስኪመጣ ጠብቁ፣ የሁለቱ ቀለም አንድ አይደለም። ነጭ ሸሚዝም አትልበሱ፣ ጀበናዋ ላይ ያንጸባርቃል።

መንቀጥቀጡ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ስልኩን መጽሐፍ ላይ አስደግፋችሁት ከሆነ በነካችሁት ቁጥር ይንሸራተታል፣ ጅማ ተቀምጣችሁ ትራይፖድ የለንም እንዳትሉኝ፣ ያቺ ከአንድ ግንድ የምትፈለፈለው ባለ ሦስት እግር በርጩማ ወለሉ ጎርበጥባጣ ቢሆንም አትወዛወዝም፣ ስልኩን እሷ ላይ በፕላስተር እሰሩት። ሁለተኛው እርምጃው ነው፣ አንዴ አንድ ጣት አንዴ ግማሽ ጣት ከገፋችኋት ትንቀጠቀጣለች። ወለሉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ስትነሳ ትንሽ ትንሽ፣ መሃል ላይ ሰፋ፣ ልትቆም ስትል እንደገና ትንሽ። በሳቁት አትናደዱ ደግሞ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. በተሰራው ኪንግ ኮንግ ፊልም ላይ የግዙፉ ጎሪላ ፀጉር ነፋስ እንደነካው ይርመሰመሳል፣ አሻንጉሊቱን በየፍሬሙ ሲያንቀሳቅሱ ጣታቸው ያረፈበት ነው።

ቡናው ሲቀዳ ማሳየት ከፈለጋችሁ ፈሳሽ አትሞክሩ፣ በሁለት ፎቶ መሃል አይቆምላችሁም። የተቆላ ቡና ፍሬ ከጀበናዋ አፍ እስከ ሲኒው ደርድሩ፣ ለእንፋሎቱ ጥጥ ሳሳ አድርጋችሁ ዘርጉ።