በይነ መረብና ድር አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ስለ ኢንተርኔት ታሪክ ሦስት ጽሑፎች አነበብኩ። አንዱ “በይነ መረብ በ1969 ተጀመረ” ይላል። ሁለተኛው 1983 ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ “በ1989 ድረ ገጽ ሲፈጠር ኢንተርኔት ተወለደ” ብሎ ጽፏል። የትኛውን ልመን? ኢንተርኔት፣ በይነ መረብ፣ ድርና ድረ ገጽስ አንድ ናቸው ወይ?

መልስ፦ ጥያቄዎን በጣም ወድጄዋለሁ። የታሪክ ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የቃል ጥያቄ ነው። ሦስቱም ጸሐፊዎች የጠቀሱት ዓመት የራሱ ታሪክ አለው። የተምታታው ስሙ ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮችን እንደ አንድ ቆጥረዋቸዋል። ቃላቱን ስንለያያቸው ዓመታቱም ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ“መረብ” እንጀምር። በጥቅምት 29 ቀን 1969 ሎስ አንጀለስ ካለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኮምፒውተር መልእክት ተላከ። ሊላክ የታሰበው “ሎጊን” (login፣ ወደ ኮምፒውተሩ ለመግባት የሚጻፍ ትእዛዝ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነበር። ሁለት ፊደላት ብቻ፣ “ኤል” እና “ኦ”፣ እንደደረሱ ሲስተሙ ወደቀ። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ሙሉው ቃል አለፈ። ይህ መረብ አርፓኔት ይባላል። ገንዘቡን የሰጠው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ነው። በዓመቱ መጨረሻ የተገናኙት አራት ተቋማት ነበሩ። ትልቅ ሥራ ነው። ግን አንድ መረብ ነው። “በይነ” የሚያሰኘው ነገር ገና አልመጣም።

“በይነ” የግእዝ ቃል ነው። “መካከል” ማለት ነው። “በይነ መንግሥታት” ስንል በመንግሥታት መካከል ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ “በይነ መረብ” በመረቦች መካከል ያለ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ቃልም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ “ኢንተር” መካከል፣ “ኔት” መረብ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ቪንት ሰርፍና ሁለት ባልደረቦቹ በ1974 መጨረሻ ባወጡት የቴክኒክ ሰነድ ላይ “ኢንተርኔትወርክ” የሚለውን “ኢንተርኔት” ብለው አሳጥረው ተጠቅመውበታል። ያን ጊዜ የተለያዩ መረቦች ነበሩ። አርፓኔት በስልክ መስመር ይሠራል። ሌላው በሬዲዮ፣ ሌላው በሳተላይት። እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ሰርፍና መሐንዲሱ ቦብ ካን ሁሉም የሚግባቡበትን የጋራ ደንብ ነደፉ። በኅዳር 1977 አንድ መልእክት ሦስቱንም መረቦች አቋርጦ ደረሰ። በይነ መረብ የሚለው ስም በትክክል የሚገልጸው ይህን ነው። በጥር 1 ቀን 1983 ደግሞ አርፓኔት ራሱ ወደዚህ ደንብ ተሻገረ። ስለዚህ ሁለተኛው ጸሐፊ የያዘው 1983 ለ“በይነ መረብ” ከሁሉም የቀረበው ዓመት ነው።

አሁን ወደ “ድር”። መረብ ዓሣ አጥማጁ የሚጥለው ነው። ድር ሸረሪቷ የምታደራው፣ ሸማኔውም ማግ የሚያስገባበት ክር ነው። አማርኛ ሁለቱን ድሮም ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። የድር ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን ያቀረበው በመጋቢት 1989 ሲሆን፣ ቦታው ጄኔቫ አጠገብ ያለው ሰርን የተባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው። ሐሳቡ ሰነዶችን በማስፈንጠሪያ ማያያዝ ነው፤ አንዱን ቃል ሲጫኑ ሌላ ሰነድ ይከፈታል። መጀመሪያ የሰጠው ስም ወደ “መረብ” የሚቀርብ ነበር። “ዓለም አቀፍ ድር” የሚለውን የመረጠው በ1990 ፕሮግራሙን ሲጽፍ ነው። የፊተኛው ስም ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ተርጓሚዎቻችን ሁለቱንም “መረብ” ለማለት ይገደዱ ነበር! ሰርን በሚያዝያ 30 ቀን 1993 ድሩን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው።

ድር እንግዲህ በበይነ መረብ ላይ ከሚሠሩ ነገሮች አንዱ ነው። ማስረጃው ኢሜይል ነው። ሬይ ቶምሊንሰን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ የመጀመሪያውን ኢሜይል የላከው በ1971 ነው። ድር ከመታሰቡ 18 ዓመት በፊት ማለት ነው።

“ድረ ገጽ” ግን ትንሽ ያስቸግረኛል። በግእዝ ሥርዓት ሁለት ስሞች ሲናበቡ ዋናው ስም ይቀድማል፣ የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚነግረን ስም (ዘርፉ) ይከተላል። ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ቤት ነው። ርእሰ ከተማ የከተማ ርእስ ነው። በዚህ ሕግ “ድረ ገጽ” የሚሆነው “የገጽ ድር” ነው። እኛ ግን “የድር ገጽ” ማለታችን ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ሕጉን የጠበቀው “ገጸ ድር” ይሆን ነበር፤ ገጸ ባሕርይ እንደምንለው። ይህን እያወቅሁም “ድረ ገጽ” ይቀየር አልልም። ቃሉ ሥር ሰዷል፣ ሁሉም ይግባባበታል። ሰው የለመደውን ቃል በሕግ ስም መንጠቅ ቋንቋውን አይጠቅምም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሉውን “ድረ ገጽ” ካልን፣ በውስጡ ያለውን አንዱን “ገጽ” ብቻ እንበለው።

“ኢንተርኔት” ማለትስ ስህተት ነው? በፍጹም። በንግግር ሁላችንም “ኢንተርኔት ጠፋ”፣ “ኔት የለም” እንላለን፤ እኔም እላለሁ። በጽሑፍ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ይምረጡ። “የኢንተርኔት መረብ” የሚለውን ይተዉት። “ኔት” ራሱ መረብ ነውና መረብ በመረብ ላይ ይሆናል። “በይነ መረብ”ን ለያይቼ የምጽፈውም “በይነ መንግሥታት”ን እንደምጽፈው ነው።

የሦስተኛውን ጽሑፍ ዓረፍተ ነገር እኔ ባርመው እንዲህ ይሆናል፦ “ድር በ1989 ታሰበ፤ በይነ መረብ በዚያን ጊዜ ሥራ ላይ ነበር።”