ድረ ገጻችንን በየትኛው ቋንቋ እንሥራው?

ጥያቄ፦ የውኃ ፓምፕና መለዋወጫ በኢንተርኔት እንሸጣለን። ድረ ገጻችን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ገበያችን ግን ቢያንስ 5 ቋንቋ ይናገራል። ሥራ አስኪያጃችን የጎብኚዎችን መረጃ አይተው «ከ10 ሰው 8ቱ እንግሊዝኛ ነው የሚጠቀመው፤ ትርጉም ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ድረ ገጹን የሠራልን ልጅ ደግሞ 5ቱንም ቋንቋ በራሱ የሚተረጉም ፕለጊን (ድረ ገጹ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ልጫንላችሁ ይላል። በሰው በደንብ እናስተርጉም ካልን አቅማችን ለ2 ቋንቋ ብቻ ነው። የትኞቹን እንምረጥ? ከመረጥን በኋላስ እንዴት እናስገባቸው?

መልስ፦ ከቁጥሩ ልጀምር። ሥራ አስኪያጅዎ ያዩት የስልኩን ቋንቋ ነው። ብራውዘር አንድን ገጽ ሲጠይቅ «ቢቻል በዚህ ቋንቋ ስጠኝ» የሚል መልእክት አብሮ ይልካል፤ ይህን የሚወስደው ከስልኩ ወይም ከራሱ ከብራውዘሩ ሴቲንግ ነው። ብዙ ሰው ደግሞ ስልኩን ከካርቶኑ እንደወጣ ነው የሚጠቀመው። ቋንቋው ሜኑው ውስጥ የሌለለት አለ፤ ኖሮለትም የማይነካው አለ። እኔ ራሴ ስልኬን አንድ ጊዜ ወደ አማርኛ ቀይሬ፣ ሴቲንግስ የት እንደገባ ስፈልግ ቆይቼ መልሼዋለሁ። በዚያ ላይ መረጃው የሚቆጥረው የመጡትን ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ገጽ ላይ እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ምን ሊሠራ ይመጣል?

ታዲያ ምን ይቆጠር? ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛችሁ ዘንድ ይሂዱና ለ1 ወር ደብተር ይስጡት። ደዋዩ በየትኛው ቋንቋ ጀመረ? ወደ ሌላ ቋንቋ ከዞረ ተመችቶት ነው ወይስ ተቸግሮ? ምን ፈልጎ ደወለ? ዕቃውን ድረ ገጹ ላይ አይቶ ለማዘዝ ግን የደወለ ሰው ካለ ለብቻው ምልክት ይደረግበት፤ ገጹ ሥራውን እንዳልጨረሰ እየነገራችሁ ነው። ቀጥሎ የተመለሱ ዕቃዎችን መዝገብ ያውጡ። በባለ 1 ፌዝ የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ መስሎት ባለ 3 ፌዝ ፓምፕ ያዘዘ፣ ፓምፑ ውኃ የሚገፋበትን ከፍታ ከጉድጓዱ ጥልቀት ጋር ያምታታ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ ንባብ ላይ ነው። ከዚያ ሰርች ኮንሶል የሚባለውን፣ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሚሰጠውን መሣሪያ ከፍተው ሰዎች በምን ቃል ሲፈልጉ እንደምትታዩ ይመልከቱ፤ ታይቷቸው ያልነኩትንም ጭምር። ቋንቋቸውን በላቲን ፊደል የሚጽፉ አሉና እንግሊዝኛ መስለው እንዳያልፉዎ። በድረ ገጹ መፈለጊያ ሳጥን ገብተው «ምንም አልተገኘም» የተባሉ ቃላት ከተመዘገቡላችሁማ እነሱን ያስቀድሙ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሰው የሚናገርበትና የሚያነብበት ቋንቋ አንድ ላይሆን ይችላል። የስዊዘርላንድ ጀርመንኛ ተናጋሪ ቤቱ በዘዬው ያወራል፤ ውልና ማስታወቂያ የሚያነበው ግን በመደበኛው ጀርመንኛ ነው። በሉክሰምበርግ ሰው በሉክሰምበርግኛ እያወራ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ያነብባል። ሮማንሽ ከስዊዘርላንድ 4 ብሔራዊ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ጀርመንኛም ስለሚያነቡ ግን ፓምፕ ሻጭ በሮማንሽ ገጽ የሚያገኘው አዲስ ገዢ ጥቂት ነው። (የመንግሥት ድረ ገጽ ቢሆን ይህ ስሌት አይሠራም፤ እዚያ የዜጋ መብት አለ።)

ስለዚህ የተናጋሪውን ብዛት ትተው «ይህ ቋንቋ ባይኖር የማይገዛን ስንት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ደብተሩ ላይ በአንደኛው ቋንቋ 40፣ በሁለተኛው 30፣ በሦስተኛው 20 ደዋይ ተመዘገበ እንበል። እጅ ወዲያው የሚሄደው ወደ 40ውና 30ው ነው። ነገር ግን ከ30ው 25ቱ አንደኛውን ቋንቋ እንደ ልባቸው የሚያነቡ ከሆነ፣ ሁለተኛው የሚጨምርላችሁ 5 ሰው ብቻ ነው። የሦስተኛው ተናጋሪዎች ሌላውን የማያነቡ ከሆነ 20ውም አዲስ ናቸው። እንግሊዝኛውም ከዚህ ስሌት አያመልጥም፤ አሁን ባለው ገጽ ሳይቸገር የሚገዛ ሰው ከየቋንቋው ይቀነስ።

ሕግ ካለ ደግሞ ስሌቱም አያስፈልግም። በካናዳ ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር እዚያ የሚሠራ ድርጅት ለደንበኛ የሚያቀርበው የንግድ ጽሑፍ፣ ድረ ገጹም ሳይቀር፣ በፈረንሳይኛ እንዲኖር ይጠይቃል። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ካለ መጀመሪያ እሱን ያጣሩ።

ፕለጊኑስ? እንዲሁ አይጫን። የፓምፕ ባለሙያ በእንግሊዝኛ «ሄድ» የሚለውን ውኃ የሚገፋበትን ከፍታ፣ ማሽን የሰው ራስ አድርጎ ሲተረጉመው አይቻለሁ። በድር ላይ ብዙ ጽሑፍ የሌለው ቋንቋ ሲሆን ስሕተቱ ይብሳል። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው፤ አንድ ቋንቋ ከፈቱ ማለት በዚያ ቋንቋ የሚጽፍልዎ ሰው ይኖራል ማለት ነው። ማን ይመልስለታል? ከዓመታት በፊት አብሬው የሠራሁት አንድ ሻጭ በአንድ ቀን 6 ቋንቋ ከፈተ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ዓመት ሳይሞላ የዕቃ መመለሻው ጊዜ ከ30 ቀን ወደ 14 ቀን ወረደ፤ በ3ቱ ቋንቋ ግን ገጹን ያስታወሰው አልነበረም። ደንበኛው የገጹን ፎቶ አንስቶ መጣ። ሻጩ ከፈለ፤ መክፈልም ነበረበት። ማሽኑ ረቂቅ ያውጣላችሁ፤ ፓምፕ የሚያውቅ ሰው አርሞት ይውጣ።

በተመረጡት 2 ቋንቋዎች ሁሉም ገጽ ይተርጎም አልልም። ዜናውና የድርጅቱ ታሪክ ይቆይ። የግዢው መንገድ ግን መሐል ላይ አይቆረጥ፤ የዕቃው ገጽ፣ መለኪያዎቹ፣ ማድረሻው፣ ክፍያው፣ መመለሻው፣ ከግዢ በኋላ የሚላከው መልእክት። ሁሌም የሚረሳው የስሕተት መልእክት ነው። ሰው በገዛ ቋንቋው መርጦ መርጦ ክፍያ ላይ ሲደርስ ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ ሲልበት ገንዘቤ ተበላ ብሎ ይደነግጣል። ወዳልተተረጎመ ገጽ የሚወስድ ሊንክ ካለ «ይህ በእንግሊዝኛ ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ለቀሩት 3 ቋንቋዎች አንድ አንድ ገጽ ከስልክ ቁጥር ጋር ይበቃል፤ ያውም በቋንቋው የሚያወራ ሰው ስልኩን የሚያነሳ ከሆነ።

አሁን ለልጁ የሚነግሩት። እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ አድራሻ ይኑረው፤ በአንድ አድራሻ ላይ ጽሑፉ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ ጉግል ሁለተኛውን ላያገኘው ይችላል። ገጾቹ ኤችሬፍላንግ በሚባለው፣ የአንድ ገጽ ሌላ ቋንቋ የት እንዳለ ለጉግል በሚነግር ምልክት እርስ በርስ ይጠቋቆሙ፤ አንዱ ጠቁሞ ሌላው ካልመለሰ ምልክቱ ይታለፋል። የቋንቋ ኮድና የአገር ኮድ አይቀላቀል። የስዊድንኛ ኮድ ኤስ ቪ ነው፤ ኤስ ኢ የአገሪቱ ነው፣ በቋንቋ ኮድነት ደግሞ ሰሜን ሳሚኛ ማለት ነው። ዩ ኬ ብሎ ብሪታንያን ያሰበም ዩክሬንኛ ጽፎ ይገኛል።

ጎብኚውን ባለበት ቦታ ወይም በስልኩ ቋንቋ እየለየ በግድ ወደ ሌላ ገጽ የሚወረውር ነገር አይሥራ። በቤልጂየም ዋና ከተማ ብራስልስ ያለ ሰው ፈረንሳይኛም ደችም አንባቢ ሊሆን ይችላል፤ ቦታው አይነግርዎትም። ገጾችን እየዞረ የሚያነብበው የጉግል ጎብኚ ፕሮግራም ደግሞ በአብዛኛው ከአሜሪካ ይመጣል፣ የቋንቋ ምርጫም አይልክም፤ በግድ ከተወረወረ የቀሩትን ገጾች ሳያይ ይመለሳል። መምረጫው ከላይ በግልጽ ይቀመጥ፤ የመረጠው ይታወስለት፤ ሲቀይር ያው ዕቃ ላይ ይቆይ እንጂ ወደ መጀመሪያው ገጽ አይመለስ። ቋንቋዎቹ በየራሳቸው ስምና ፊደል ይጻፉ። ባንዲራ አይደረግ፤ ስፓንኛ በ20 ገደማ አገሮች ይነገራል፣ የየትኛውን ልታውለበልቡ ነው? በፊደላችን የሚጻፍ ቋንቋ ከመረጣችሁ መፈለጊያው ሳጥን «ውኃ»፣ «ውሃ» እና «ዉሃ» ብሎ ለጻፈ ሁሉ ያንኑ ፓምፕ ያውጣ። በአንደኛው አጻጻፍ ብቻ የተገነባ መፈለጊያ ሰው ያለ ዕቃ እንዲመለስ ያደርጋል።

ሙሉውን ከማስተርጎማችሁ በፊት በብዛት የሚሸጠውን አንድ ፓምፕ፣ ከገጹ እስከ ክፍያው፣ በ3 ዕጩ ቋንቋ አስተርጉማችሁ ለ8 ሳምንት ልቀቁት። ስንቱ ገባ የሚለውን ይተዉት፤ ስንቱ ጀምሮ ጨረሰ፣ ስንቱስ መሐል ላይ ደወለ የሚለውን ይዩ። 2 ቋንቋዎች እኩል ከወጡ፣ ዛሬ ስልክ የሚያነሳላችሁ ሰው ያላቸውን ይውሰዱ።