የውሻ መርዝና የሕመም ማስታገሻ

ጥያቄ፦ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚገደሉበት ስትሪክኒን የሚያጠቃው የነርቭ ክፍል ለሕመም ማስታገሻ መድኃኒት እየተጠና ነው ሲባል ሰማሁ። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። ግላይሲን በተለይ በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል ግንድ ነርቮችን የሚያረጋጋ መልእክተኛ ሲሆን፣ ከ5 የፕሮቲን ክፍሎች ከተገነባው ተቀባዩ (በነርቭ ሕዋስ ላይ ሆኖ መልእክቱን ከሚቀበለው ፕሮቲን) ጋር ሲጣበቅ መሐል ያለው ቀዳዳ ተከፍቶ ክሎራይድ ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ሕዋሱም በቀላሉ አይነሣሣም። ስትሪክኒን በተቀባዩ ላይ የግላይሲንን ቦታ ሲይዝ ይህ የማረጋጋት ልጓም ይፈታል። የተመረዘ ውሻ በትንሽ ኮሽታ እንኳ ጡንቻው ሁሉ ይገተራል፤ በመጨረሻም መተንፈስ ተስኖት ይሞታል።

ተመራማሪዎች የሚሹት ተቃራኒውን፣ ማለትም ልጓሙን ማጥበቅ ነው። ይበልጥ ትኩረት የሳበው አልፋ 3 የተባለው ክፍል ያለበት ተቀባይ ነው፤ ምክንያቱም የሕመም መልእክት በሚያልፍበት የሕብለ ሰረሰር የኋላ ክፍል የሚገኝ ሲሆን፣ በብግነት (የሰውነት ክፍል ሲቆጣና ሲያብጥ) ጊዜ የሚመነጨው ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለ ኬሚካል ስለሚያዳክመው ሕመሙ ይበረታል። በእንስሳት ላይ ይህን ተቀባይ የሚያጠናክሩ ውሕዶች ሕመምን ሲቀንሱ ታይቷል። አስቸጋሪው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ምርጫው ነው፤ አልፋ 1 የተባለው ወንድሙ በቅርጽ እጅግ ስለሚመስለውና የጡንቻን እንቅስቃሴ ስለሚቆጣጠር፣ አንዱን ነክቶ ሌላውን የሚተው ውሕድ ማግኘት ቀላል አይደለም።