እናትየው ቡና ልታፈላ ስትነሣ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የተላኩት በቤት ለቤት አማካሪዎች ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ያሉባቸውን ቤቶች እየዞሩ ወላጆችን ስለ ጨዋታ፣ ስለ ንግግርና ስለ አመጋገብ የሚያማክሩ ሠራተኞች ማለታችን ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አጣምረናል።

ጥያቄ፦ ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። ቤት ገብቼ መጫወቻዎቹን ሳወጣ ልጁ ደስ ብሎት ከእኔ ጋር ይጫወታል። እናትየው ግን «መምህርትህ መጣችልህ» ትለውና ወይ ጓዳ ትገባለች ወይ ቡና ልታፈላ ትነሣለች። አስተባባሪዬ ሁልጊዜ «እናትየዋን አሳትፊ» ትለኛለች። እንዴት አድርጌ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ችግሩ የሚፈጠረው ቦርሳሽን ስትከፍቺ ነው። መጫወቻው ከአንቺ እጅ በቀጥታ ወደ ልጁ እጅ ከሄደ እናትየው ሥራው ያንቺ እንደሆነ ታስባለች፤ ብታስብም አይፈረድባትም። ልጁ በሳምንት ውስጥ ሰማንያ ያህል ሰዓት ነቅቶ ይውላል። አንቺ የምታገኚው ከዚያ አንዷን ሰዓት ነው። የቀሩት የእናትየው ስለሆኑ መጫወቻውን ለእሷ ስጪ።

አቀማመጥሽን አስቢበት። ምንጣፍ ወይም ጋቢ መሬት ላይ ይነጠፍና እናትየው ልጁን ፊት ለፊት እያየች ትቀመጥ። አንቺ ከጎኗ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ በይ። ልጁ ፊት ለፊት ከተቀመጥሽ ዓይኑ ካንቺ አይነቀልም፤ እናትየውም ተመልካች ሆና ትቀራለች።

ቡናውን እምቢ አትበይ፤ ክብር ነው። «ቡናውማ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ ይቺን አብረን እንያት» ብለሽ ወደ መጨረሻው አሥር ደቂቃ ግፊው። ይህ ለይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ የሚድህ ልጅ ባለበት ክፍል ከሰል መቀጣጠል ያለበት ልጁን የሚያቅፍ ሌላ ሰው ሲኖር ነው። ስለሚቀጥለው ሳምንት ለመነጋገርም ከስኒው ጋር ያለው ጊዜ ይመቻል።

ሰዓቱን በግምት እንዲህ ከፋፍይው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለሰላምታና ላለፈው ሳምንት ይሁኑ። «ሠራሽው?» ብለሽ አትጠይቂያት፤ «አዎ» ትልሽና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። «ጣሳውን ስትሰጪው ምን አደረገበት?» በያት። ከዚያ የባለፈውን ጨዋታ እሷው ታሳይሽ። ቀጥሎ አዲሱን ነገር አንዴ ብቻ አሳዪአትና እጅሽን ሰብስቢ። ረጅሙ ክፍል የእሷ ሙከራ ነው፤ ሃያና ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በመጨረሻ ጨዋታውን ከአንድ የቤት ሥራ ጋር አያይዘሽላት ሂጂ። ልብስ ስታጥብ «የአባባ ካልሲ የታለ? ይቺ የማናት?» ማለት ሌላ ጊዜ አይጠይቃትም።

በዚህ ረጅም ክፍል የሚበላሸውን በአንድ ምሳሌ እንይ። ልጁ ዘጠኝ ወሩ ነው፤ መጫወቻው በቆሎ የተጨመረበት ሃይላንድ ነው። እናትየው አንዴ ታንኳኳለታለች። ልጁ ያያል፣ አይዘረጋም። በሁለተኛው ሰከንድ እጁን ይዛ ራሷ ታንኳኳለታለች፤ «እንዲህ ነው እንጂ!» ትላለች። እሱም ፊቱን ያዞራል፤ «አይወድም» ትልሻለች። የጎደለው ነገር ጊዜ ነው። ሃይላንዱን እጁ ሊደርስበት ከሚችልበት ጥቂት ጣት አልፎ ታስቀምጠውና ሁለታችሁም በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ላይ እጁ ይዘረጋል። ያን ጊዜ ልጁን ሳይሆን እናትየዋን አመስግኚ፣ ያደረገችውንም ለይተሽ ንገሪያት፦ «ዝም ብለሽ ስለጠበቅሽው ራሱ መጣ።» ባዶ «ጎበዝ» ሳምንት አይቆይም።

በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የተካሄደው ታዋቂ ጥናት የቆመው በዚሁ አሠራር ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የነበሩ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ከፊሎቹን የጤና ረዳቶች በሳምንት አንድ ሰዓት ለሁለት ዓመት እየጎበኙ እናቶቹን ማጫወት አለማመዱ። ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ካልተጎበኙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ሲያገኙ ተገኝተዋል። መጫወቻዎቹ ከጥራጊ ዕቃ እዚያው የተሠሩ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ለመጫወቻ የተያዘ በጀት የለንም። ምን እንሥራ? ባለፈው ከቆርኪ የሠራሁትን አንዷ እናት «ሊውጠው ነው» ብላ መለሰችልኝ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እናትየዋ ትክክል ናት። የሶፍት ውስጠኛ ካርቶን ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማናቸውም ነገር ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። ቆርኪም የውሃ ክዳንም ያልፋሉ። ቆርኪ ደግሞ ጥርሱ ይቆርጣል።

ለሚንኳኳው ሃይላንድ የግማሽ ሊትሩ ለስድስት ወር ልጅ መዳፍ ይወፍራል፤ ትንሹን ወይም ወገቡ ቀጠን ያለውን ምረጪ። ውስጡን አጥበሽ አንድ ቀን ሙሉ አድርቂው፤ እርጥብ ከሆነ እህሉ ይሻግታል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በቆሎ ይበቃል። ከሲሶ በላይ ከሞላሽው ይከብዳል እንጂ አይንኳኳም። አንገቱ ላይ የሚቀረውን የክዳኑን ቀለበት በመቀስ ቁረጪና ጣዪ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ልጆች ደግሞ በጥርሳቸው የሚያወልቁት እሱን ነው። ክዳኑን በሱፐር ግሉ አጣብቀሽ በፕላስተር ጠቅልዪው። በየሳምንቱ ስትሄጂ ጨምቀሽ እዪው፤ ነጭ ስንጥቅ ካሳየ ይጣል።

ለሚደራረብ መጫወቻ የሚሆን እንጨት ከቤት ዕቃ ሠሪዎች በነፃ ይገኛል። የጣውላ ቁራጭ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ ከስድስት እስከ አሥር ፍሬ ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት ጠርዙም ማዕዘኑም እስኪለሰልስ ይፈተግ፤ ጉንጭሽ ላይ አሽተሽ ካልጫረሽ ደኅና ነው። ቀለም አትቀቢው። ችፑድ ግን አይሁን፤ ምራቅ ሲነካው ያብጥና ይፈረፈራል። አንድ ዓመት ከጥቂት ወር የሆነው ልጅ ሁለት ይደራርባል፤ ዓመት ተመንፈቅ ላይ ሦስትና አራት፤ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ስድስት ያህል።

መጫወቻውን እዚያው ቤት ተይው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በሌላ ትለውጪዋለሽ። ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ግን በሳሙና ይታጠብ። የጨርቅ ኳስና አሻንጉሊት ቶሎ ስለማይደርቁ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ብትሠሪለት ይሻላል። አሮጌ ካልሲ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጅ አይሄድም። የጎረቤታቸው ልጅ በ10 ወሯ ስለሄደች እናትየው ተጨንቃ የልምምድ ጋሪ ልትገዛ ነው። ምን ልበላት? (ከአዳማ)

መልስ፦ መጀመሪያ 14 ወር መሆኑን አረጋግጪ። «ለጥምቀት ማግስት ነው የተወለደው» ካለችሽ ከጥር 12 ቁጠሪ። ጳጉሜን እንደ ሙሉ ወር የቆጠረ ሰው ልጁን በየዓመቱ አንድ ወር ያስረጀዋል፤ ይህ ስሕተት በመዝገቦች ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከዚያ «ጊዜው ደርሶ ነው የተወለደው?» በያት። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ከሆነ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ ሁለት ወር እየቀነስሽ አስቢ፤ ልጁ በዕድገት ስሌት የ12 ወር ነው ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሎ ባወጣው መለኪያ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ3.8 እስከ 9.2 ወር፣ ያለ ድጋፍ መቆም ከ6.9 እስከ 16.9፣ ለብቻ መሄድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ የ10 ወሯም የ14 ወሩም ደኅና ናቸው። ሳይድሁ በቀጥታ የሚሄዱም ጥቂቶች አሉ።

ጋሪውን አስተያት። ልጁ በጣቱ ጫፍ እየገፋ ይሄዳል፤ ሚዛን መጠበቅና ከወለል መነሣት አይለማመድም፤ ደረጃና እሳት ዘንድም ከእናቱ ሩጫ ቀድሞ ይደርሳል። በምትኩ ዱካ ወይም ከባድ ሣጥን ላይ የሚወደውን ነገር አስቀምጣለት ይዞ ይቁም። ትንሽ ቆይቶ ነገሩን ወደ ጎን ታርቅለታለች፤ ዳር ዳሩን ይዞ ይከተላል። ባዶ እግሩን ይሁን፤ ካልሲ በሲሚንቶ ወለል ላይ ያንሸራትተዋል። «ወፌ ቆመች» የሚባለው ጨዋታም ያለ ምክንያት አልተፈጠረም፤ ስታጨበጭብለት እጁን ለቆ ለአፍታ ይቆማል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሕፃኑን «እንዴት ያምራል!» ስል አያቱ በነጠላ ሸፈኑት። ተቀየሙኝ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዓይን ፈርተው ነው፤ አንቺን ጠልተው አይደለም። መልኩንና ውፍረቱን አታንሺ፤ ያደረገውን አንሺ፦ «ድምፅሽን ሰምቶ ዞረ።» ካመለጠሽም «ከዓይን ያውጣው» ብለሽ ማለፍ ነው። ክርክር አትግጠሚ፤ ክርክርሽን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ለሚነሡበት ጊዜ አቆዪው፤ እነሱ ደምና ኢንፌክሽን ያመጣሉና ዝም አይባሉም።

ጥያቄ፦ ቤቱ የምገባው ጠዋት ነው፤ እናት ሥራ ናት፤ የማገኘው ሞግዚቷን ነው። ከእሷ ጋር ልሥራ ወይስ ልመለስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሥሪ እንጂ። ቀኑን ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት፤ ብዙዎቹም ታናናሾቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ሆኖም እናትየው ሳታውቅ አይሁን። በወር አንዴ ቅዳሜ ላይ ቀጠሮ ያዢና ሞግዚቷ ራሷ የለመደችውን ለእናትየዋ ታሳያት። ሞግዚቷ ልጁን በስልክ ቪዲዮ የምታውል ከሆነ ከመውቀስሽ በፊት ስንት ሥራ እንደተሰጣት ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ምንም ስክሪን እንዳይኖር ነው፤ ይህን ለእናትየው መንገር ያለብሽ አንቺ ነሽ፣ ሞግዚቷ ልትነግራት አትችልም።

ጥያቄ፦ ልጃችን 22 ወሩ ነው። ቤት አያቱ በአማርኛ ያናግሩታል፤ መዋያው በእንግሊዝኛ ነው። የሚናገረው ጥቂት ነው። የመዋያው ሰዎች «አማርኛውን ተዉት» አሉን። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ አይተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። አያቱ በማይቀናቸው እንግሊዝኛ ሊያናግሩት ቢሞክሩ ንግግራቸው ያጥራል፤ ልጁ የሚጎዳው ያን ጊዜ ነው።

ቃላቱን ቆጥራችሁ ጻፉ፤ የሁለቱም ቋንቋ አንድ ላይ ይቆጠር። «ውሃ» እና «ዋተር» ሁለት ናቸው። አንድን ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ድምፅ ከጠራው፣ አጠራሩ ባይጠራም ቃል ነው። «ሞር ውሃ» ካለ ሁለት ቃል አገናኝቷል። በሁለት ዓመቱ ድምሩ ከ50 ካነሰ ወይም ሁለት ቃል የማያገናኝ ከሆነ ይመርመር። አሁን በ22 ወሩ ቃላቱ በጣት የሚቆጠሩ ከሆኑ ግን ሁለት ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ። የመጀመሪያው ምርመራ የጆሮ ነው።

ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ አገልግሎት አለ፤ በሜሪላንድ «ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ» ይባላል። የሐኪም ወረቀት ሳያስፈልግ ወላጅ ራሱ ደውሎ ማስመዝገብ ይችላል። ግምገማው በነፃ ነው፤ ልጁ አገልግሎቱ የሚገባው ሆኖ ከተገኘ ከተመዘገበበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ የዕቅዱ ስብሰባ መደረግ አለበት። ስትደውሉ በመጀመሪያው ቀን «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ። አያቱን አስተርጓሚ አታድርጓቸው፤ አያት ለልጅ ልጃቸው ስለሚያደሉ «ይሄንንማ ያውቃል» እያሉ ይሞሉለታል።

ጥያቄ፦ ዕድገቱን ብቻ ሳይሆን ጤናውንም እንድናይ ይጠበቅብናል። ልጁን ሳልዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያለብኝ መቼ ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ይችል የነበረውን የተወ ልጅ፣ ለምሳሌ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት የጠፉበት ወይም ይቀመጥ የነበረና ያቃተው፣ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ይላካል። ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚጠቀም፣ ስታነሺው የሚገተር ወይም እንደ ጨርቅ የሚዝለፈለፍ፣ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በ18 ወሩ የማይሄድም እንዲሁ።

ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ የክንድ መለኪያው፣ ማለትም የምግብ እጥረትን ለማየት የክንድን ዙሪያ የሚለካው ባለ ቀለም ጥብጣብ፣ 11.5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ 12.5 ካልሞላ ቢጫ ነው፤ ቀጠሮ ይያዝለት። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። መለኪያው የሚዞረው በግራ ክንድ መሐል ነው፤ ልጁ እጁን ዘና አድርጎ ይልቀቅ፣ መለኪያው ቆዳውን አይጨምቅ፤ አጥብቀሽ ከያዝሽው ደኅናውን ልጅ ቢጫ ያደርገዋል። የሁለቱንም እግር ጀርባ በአውራ ጣትሽ ለሦስት ሰከንድ ተጫኚ። ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት ነው፤ ክንዱ አረንጓዴ ቢያሳይም፣ እናትየውም «ወፍሮልኛል» ብትልሽም በዚያው ቀን ይሂድ። ከተቻለ አብረሻት ሂጂ።