ጤፉ ንጹሕ ነው፤ ወፍጮውስ?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሲሊያክ ያለባቸው ወጣቶችና ወላጆቻቸው የላኩልን ናቸው። ለማያውቀው አንባቢ፦ ሲሊያክ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ወደ ሆድ ሲገባ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ኃይል የራሱን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ሕመም ነው። አይተላለፍም። እስካሁን ያለው ሕክምናም ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

*ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ዓመት ሙሉ የብረት እንክብል ብትወስድም የደም ማነሷ አልተስተካከለም። ሆዷ ይነፋል፤ በቁመት ከእኩዮቿ ቀርታለች። ሐኪሙ ሲሊያክ ሊሆን ይችላል ብሎ የደም ምርመራ አዘዘ። እኔ ግን ቀጠሮው እስኪደርስ ለምን ትጎዳ ብዬ ከ10 ቀን በፊት ዳቦና ፓስታ አስተውኳት። ጥሩ አደረግኩ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)*

ያሰቡት ለልጅዎ ነው፤ ግን ምርመራው መቅደም ነበረበት። ቲቲጂ አይጂኤ የሚባለው የደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ግሉተን ሲገባበት የሚያመርተውን አንቲቦዲ (የበሽታ ተከላካዩ ኃይል ፕሮቲን) ነው። ግሉተኑ ሲቆም አንቲቦዲው እየወረደ፣ አንጀቱም እያገገመ ይሄዳል። ውጤቱ «የለባትም» ሊል ይችላል፣ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ደግነቱ 10 ቀን ብዙ አይደለም። ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ወደ ወትሮ ምግቧ ተመልሳ ደሟ ቶሎ ይወሰድ ማለቱ አይቀርም። ለወራት የተወች ልጅ ብትሆን ነገሩ ይከብድ ነበር። ያኔ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን መብላት ያስፈልጋል። ቁመት በሚጣልበት የጉርምስና ጊዜ ደግሞ ይህን ሐኪሞች አይወዱትም።

ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛ፣ ከቲቲጂው ጋር አጠቃላይ የአይጂኤ (ምርመራው የሚያየው የአንቲቦዲ ዓይነት) መጠን አብሮ ታዟል ወይ? ከተፈጥሮው አይጂኤ የሚያንሰው ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሲሊያክ ቢኖርበትም ምርመራው ባዶ ይወጣል፤ ስለዚህ አይጂጂ በተባለው ሌላ የአንቲቦዲ ዓይነት የሚሠራው ምርመራ ይደረግለታል። ሁለተኛ፣ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ አንጀትን ማየት) ከታዘዘ ስንት ናሙና ይወሰዳል? ጉዳቱ አንዱን ቦታ ይዞ ሌላውን ይዘላል፤ ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ ቢያንስ 4፣ ከመግቢያው አፍ ደግሞ 1 ናሙና መውሰድ የተለመደው ነው። የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራና የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ቲቲጂው ከመደበኛው ጣሪያ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ጊዜ በተወሰደ ደም ኢኤምኤ የተባለው ምርመራም ከደገፈው፣ በልጆች ላይ ያለ ኢንዶስኮፒ ማረጋገጥ ይቻላል። በአገራችን የሰገራ ምርመራም አይቅር፤ ጃርዲያም አንጀትን እንዲህ ሊጎዳ ይችላልና።

ሲሊያክ ከተረጋገጠ እርስዎ፣ አባቷና ወንድም እህቶቿም ምንም ባይሰማችሁ ተመርመሩ። በቅርብ ቤተሰብ ከ10 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል።

*ጥያቄ፦ 16 ዓመቴ ነው። ሲሊያክ እንዳለብኝ ካወቅሁ 7 ወር ሆነኝ። ዳቦ ቤት በር አልረገጥኩም፤ የምበላው የጤፍ እንጀራ ብቻ ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም ይባላል። ቲቲጂዬ ግን አሁንም ከፍ ያለ ነው። ምን አጠፋሁ? (ከደብረ ብርሃን)*

መጀመሪያ ቁጥሩን ከመጀመሪያው ውጤትህ ጋር አነጻጽረው። ከግማሽ በታች ከወረደ በጥሩ መንገድ ላይ ነህ፤ መደበኛው ጋ ለመድረስ ከ1 ዓመት በላይ የሚፈጅባቸው ብዙ ናቸው። ንቅንቅ ካላለ ግን እንጀራህን ከምንጩ እንከተለው።

ጤፍ ራሱ ንጹሕ ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላም እንዲሁ። ችግሩ ጤፉ በመንገዱ የሚያገኘው ነው። ለምን ይህን ያህል እንደምናካብድ በቁጥር እንየው። «ከግሉተን ነፃ» የሚባል ምግብ በዓለም አቀፉ መለኪያ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። ከስንዴ ዱቄት አንድ አሥረኛው ገደማ ግሉተን ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት ውስጥ 0.2 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ በሁለት ጣት የምትቆነጥራት ማለት ነው፣ ከገባች ወሰኑ ሞላ። ለ25 ኪሎ ጤፍ 5 ግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል። አንድ ወፍጮ ስንዴ ፈጭቶ ሲቆም በድንጋዩና በመውረጃው የሚቀረው ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

የሱቅ እንጀራ ይቅርብህ። ሩዝ ወይም ማሽላ ቢቀላቀልበት ለኪስ እንጂ ለአንጀት አያሳስብም፤ ገብስና ስንዴ የሚቀላቅል ግን አለ፣ በዓይን አይለይም። ጤፉን በእህልነቱ ግዙ። ጤፍ ደቃቅ በመሆኑ በጠባብ ወንፊት ያልፋል፤ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀራል። ከማስፈጨታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ንፉት፣ ከዚያ አንገዋልሉት።

ትልቁ ጉድጓድ ወፍጮ ቤት ነው። ከስንዴ ወይም ከገብስ ቀጥሎ ፈጽሞ አታስፈጩ። ጤፍ ወይም በቆሎ ሲፈጭበት የዋለውን ወፍጮ ምረጡ፤ ከዚያም ከራሳችሁ ጤፍ 4 ወይም 5 ኪሎ አስቀድማችሁ አስፈጭታችሁ በሌላ ከረጢት ያዙት፤ ያ ለተቀረው ቤተሰብ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚወጣው ያንተ ነው። ይህ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ቲቲጂው በዚህም ካልወረደ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተጋርቶ ትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ መግዛቱ ከሐኪም ቤት ምልልስ ይረክሳል። ሽሮና በርበሬም በዚያው ወፍጮ እንደሚያልፉ አትርሳ።

ቀጥሎ እርሾ። ከጎረቤት የመጣ እርሾ የጎረቤትን ዱቄት ይዞ ይመጣል። የራሳችሁን አውጡ፦ 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በ1 ሊትር ተኩል ውሃ ለውሳችሁ ሸፍናችሁ 3 ወይም 4 ቀን ተዉት። ከላይ የሚያቆረው ቢጫ ውሃ ለሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ይሆናል፤ በንጹሕ ዕቃ ለብቻ አስቀምጡት።

«ንጹሕ ጤፍ ይሰባበራል» ብለው ስንዴ የሚጨምሩ አብሲቱን የዘለሉ ናቸው። ጤፍ የሚያያይዘው ግሉተን ስለሌለው ማያያዣው የበሰለው ሊጥ ነው። ከቦካው ሊጥ አንድ ጭልፋ ውሰዱ፤ በሦስት ጭልፋ የፈላ ውሃ ላይ እያማሰላችሁ እስኪወፍርና እስኪያብለጨልጭ አብስሉት። ጣት የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ወደ ሊጡ መልሱት፤ ኩፍ እስኪል ከ1 እስከ 2 ሰዓት ጠብቃችሁ ጋግሩ። አብሲቱ ትኩስ እያለ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም።

መጨረሻ ምጣዱ። የሸክላ ምጣድ ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ የስንዴ ቂጣና አምባሻ ሲጋገርበት የኖረ ምጣድ ታጥቦ አይጠራም። ላንተ ሌላ ይገዛ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን ማሰሻው ነው፤ የስንዴውን ምጣድ የጠረገች ጨርቅ ያንተንም ትጠርጋለች። ማሰሻ፣ ሰፌድና አክንባሎ ለብቻ ይሁኑ። በትሪ አብራችሁ ስትበሉ የሌላው እንጀራ ድብልቅ ከሆነ ያንተ በሌላ ሳህን ይቅረብ፤ ወጡም ገበታ ላይ ሳይደርስ ከድስቱ ይጨለፍልህ።

*ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ 15 ዓመቴ ነው። ሰርግና በዓል ላይ «ትንሽ ቅመሺ፣ ምንም አትሆኚም» እያሉ ያጎርሱኛል። ምግብ ቤት ስንሄድ ደግሞ እንጀራው ጤፍ ነው ይላሉ። የትምህርት ቤት ምሳስ? ስቆርብስ?*

«አልበላም» ስትይ ትልልቆቹ የሚሰሙት «ንቄዋለሁ» ነው። «ሐኪም ከልክሎኛል» በይ፤ በእኛ ሰው ዘንድ ይህን የሚሟገት ጥቂት ነው። ጉርሻ ካልቀረ ከራስሽ ሳህን፣ በራስሽ እንጀራ፣ እጁን በታጠበ ሰው ይሁን። ድግስ ከመሄድሽ በፊት ቤት ብይ፤ ርቦት የሄደ ሰው ቃሉን አይጠብቅም።

እዚያ አገር ጤፍ ውድ በመሆኑ ብዙ እንጀራ በስንዴ ወይም በገብስ ዱቄት ይዘረጋል። «ጤፍ ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። «ከጤፍ ሌላ ምን ዱቄት ይገባበታል? እዚሁ ነው የሚጋገረው ወይስ ይመጣላችኋል? ድብልቁም በዚሁ ምጣድ ይጋገራል?» በይ። ከሦስቱ አንዱን «እንጃ» ካሉሽ በሩዝ አቅርቡልኝ በይ። ድንች ጥብስም ሳምቡሳ በተጠበሰበት ዘይት ከሆነ ይቅርብሽ።

የታሸገ ነገር ስታነቢ፦ የአሜሪካ ሕግ አምራቹ ስንዴን በስሙ እንዲጽፍ ያስገድዳል፤ ገብስና ራይን ግን አያስገድድም። «ስንዴ የለውም» የሚል ብስኩት የገብስ ብቅል ሊኖረው ይችላል። ብቅል በቁርስ እህልና በቸኮሌት ይደበቃል፤ አብዛኛው የአኩሪ አተር ስጎ ደግሞ ስንዴ አለበት። «ከግሉተን ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ግን የ20 ሚሊ ግራሙን ወሰን ማሟላት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የፌዴራል ደንብ ነው።

ለምሳሽ ወላጆችሽ ከሐኪምሽ የተፈረመ ወረቀት ይዘው ትምህርት ቤቱን 504 የተባለውን ዕቅድ ይጠይቁ። ከግሉተን ነፃ ምሳ፣ ሽንት ቤት ያለ ፈቃድ መሄድና ለሐኪም ቀጠሮ የቀረሽበት ቀን እንዳይቆጠርብሽ በእሱ ይጻፋል።

ስለ ቁርባን የምንናገረው ስለ ስንዴው ብቻ ነው፦ ኅብስቱ ከስንዴ ነው፣ 1 ግራም ቢሆን እንኳ ለሲሊያክ ሰው በቀን ከሚፈቀደው በብዙ ይበልጣል። የቀረው የንስሐ አባትሽ ነገር ነው። ከወላጆችሽ ጋር ሄደሽ፣ የሐኪሙን ቃል ይዘሽ፣ ሳትሸሺ ንገሪያቸው።

*ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ጊዜ ዶናት በላሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ድኛለሁ ማለት ነው? (17 ዓመት፣ ወንድ)*

አይደለም። ስሜትና ጉዳት አብረው አይሄዱም። በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለወራት የወሰዱ ሕሙማን አንጀት እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል፤ ከ10 ሚሊ ግራም በታች ግን ብዙዎች ይችሉታል። አንድ ቁራጭ ዳቦ ብቻውን 2,000 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። በአንተ ዕድሜ ዝም ብሎ የሚከፈለው ዕዳ በአጥንት ነው፤ አጥንት የሚጠራቀመው አሁን ነውና። የበላኸውን ለሐኪም አትደብቅ፣ ቲቲጂው ሊያጋልጥህ ይችላል።

*ጥያቄ፦ ሲሊያክ ያለባት ልጄ ጾም ልትጾም ትፈልጋለች። በሶና ቆሎ ከተከለከሉ ምን ትብላ? ቂንጬ በአጃስ?*

ደሟ ገና ያነሰ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪሟንና የንስሐ አባቷን ያማክሩ፤ ለታመመ ሰው ጾም ይፈታል። ከጾመች ምስርና ሽምብራን በየቀኑ፣ ከሎሚ ወይም ከቲማቲም ጋር ትብላ፤ ኮምጣጣው ብረቱን ለሰውነት ያቀርብላታል። ሻይና ቡና ከምግብ ቢያንስ 1 ሰዓት ይራቁ፣ ብረቱን ያስቀሩታልና። ለቆሎ ሽምብራ ብቻ፣ እቤት የተቆላ ይሁን፤ ሻጩ ገብሱንም በዚያው ብረት ምጣድ ይቆላልና። ሱፍ፣ ተልባና ለውዝ ይሆናሉ። የማልት መጠጥና ቅሪቦ ግን የገብስ ናቸው፤ በልጆች እጅ ስለሚበዙ ይጠንቀቁ፤ ብርዝ ትጠጣ።

አጃ የሚባለው ስም ደግሞ ያሳስታል። ከተማ ውስጥ በካርቶን የሚሸጠው ፈረንጆቹ ለቁርስ የሚያበስሉት ነው፤ እሱ ራሱ ከስንዴ ጋር ተፈጭቶ ወይም ተጭኖ ሊበከል ይችላል። በብዙ ገጠር አጃ ሲሉ ግን ገለባውን የማይለቅ የስንዴ ዓይነት ማለታቸው ነው፤ ለወላድና ለተሰበረ ሰው የሚሠራው ገንፎ ከእሱ ነው። አያቷ «አጃ እኮ ለአጥንት ነው» ብለው ገንፎ ካቀረቡላት ስንዴ ነው ያቀረቡላት። ገንፎውን በጤፍ ወይም በበቆሎ ዱቄት፣ ቂንጬውን በተከካ በቆሎ ይሥሩላት።