ከኮንዶሚኒየሙ ጎን ስላለው ሜዳ

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ከኮንዶሚኒየማችሁ ጎን ያለው የከተማ አስተዳደሩ ሜዳ ይገንባበት ወይስ ክፍት ይቆይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ክፍት ይቆይ ባይ ነኝ።

መጀመሪያ በክረምት ሄደህ ሜዳውን እየው። የእናንተ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ዝናብ ሲበረታ ውሃው እዚያ ሜዳ ላይ የሚተኛ ከሆነ፣ ቦታው ባዶ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው። ኮንክሪት ከለበሰ ያው ውሃ ግራውንድ ላይ ወዳሉት ቤቶች ይመጣል። ይህን ጉዳት ደግሞ አስተዳደሩ መሬቱን በሊዝ ሰጥቶ የሚያገኘው ገቢ አይመልሰውም።

የቤት ችግሩ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቤት ፈላጊን «እዚህ አይሠራልህም» ማለት ያማል። ግን አንዴ የተገነባ መሬት ተመልሶ ሜዳ አይሆንም፤ ልጆቻችሁም ኳስ የሚጫወቱት መኪና መሀል ይሆናል። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን (መሬቱ ለምን እንደሚውል የሚወስነው ዕቅድ) እኮ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል መርህ አለው።

ስለዚህ ወረዳ ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ለምን እንደተመደበ ጠይቁ። አረንጓዴ ከሆነ የነዋሪ ፊርማ አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ለጤና ጣቢያ ወይም ለትምህርት ቤት ከተያዘ ግን እኔም አልቃወምም። የጎርፍ መውረጃው አስቀድሞ እንዲሠራ አጥብቃችሁ ጠይቁ።