የሚያንጠባጥብ የብረት ቀለበት ጋስኬት፦ ከማጥበቅ በፊት ቦዩን እየው

ወንድሜ፣ ባለ 3 ኢንች ክላስ 1500 (የግፊት ደረጃው ነው) የካርቦን ስቲል ፍላንጅ (ቧንቧ በብሎን የሚያያዝበት ክብ) ላይ የ316 ስቴይንለስ ቀለበት ጋስኬት ገጥመህ በውሃ ግፊት ፍተሻ በአንድ ጎን አንጠባጠበ፤ ብታጠብቀውም አልቆም አለ፤ ቀለበቱን ጠርጌ ልመልሰው ወይ ብለሃል። አትመልሰው። ቀለበቱ የሚይዘው በ23 ዲግሪ ባዘነበለው የቦዩ (ፍላንጁ ላይ ቀለበቱ የሚቀመጥበት ክብ ጎድጓዳ) ግድግዳ ላይ በቀጭን መስመር ተጨፍልቆ ነው። አንዴ የተጨፈለቀ ብረት ይጠነክራል፣ ሁለተኛ ጊዜ ቦዩን ተከትሎ አይቀመጥም።

ዋናው ጥርጣሬዬ ግን ስቴይንለሱ ላይ ነው። ቀለበቱ ከቦዩ መለስለስ አለበት፤ ቢያንስ በ30 ብሪኔል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) ያህል። ለስላሳው ብረት፣ "ዲ" የሚል ምልክት ያለው፣ ከ90 ብሪኔል አይበልጥም። "ኤስ" የሚለው ዝቅተኛ ካርቦን ስቲል እስከ 120፣ 316 እስከ 160 ይደርሳል። ኤ105 የሚባለው የካርቦን ስቲል ፍላንጅ ደግሞ 140 ወይም 150 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ታዲያ የሚጨፈለቀው ማነው? ፍላንጁ ራሱ ጋስኬት ሆነ ማለት ነው! ስቴይንለስ ውድ ስለሆነ ይሻላል የሚለው የመደብር ወሬ ስንት ፍላንጅ አበላሽቷል። አንተ ለያዝከው "ዲ" ወይም "ኤስ" ይበቃል።

የቀለበቱን ቁጥርም አንብብ፤ ጠርዙ ላይ ተመትቷል። ለ3 ኢንች ክላስ 1500 አር 35 ነው፤ አር 31 እስከ ክላስ 900 ላለው ነው።

ቦዩን በጨርቅና በሶልቬንት አጽዳ፣ ከዚያ በባትሪ ብርሃን እየው። ግድግዳውን አቋርጦ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ጭረት የውሃው መንገድ ነው። ዙሪያውን የሚዞር ቀላል ጭረት ያን ያህል አያሳስብም። በብርጭቆ ወረቀት አቋርጠህ አትፈግፍግ፤ ራስህ አዲስ መንገድ ትከፍትለታለህ። አዲሱን ቀለበት ሰማያዊ የመፈተሻ ቀለም በስሱ ቀብተህ ቦዩ ውስጥ አስቀምጥና ትንሽ አዙረው። በሁለቱም ግድግዳ ላይ ሳይቋረጥ የሚዞር መስመር ካልወጣ ፍላንጁ ወደ ቶርኖ ይሂድ፤ የግድግዳው ሸካራነት 1.6 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች ይሁን። ሲሊኮንና ቴፕ አይገቡበትም።

ስታዶቹ (በሁለቱም ጫፍ ዳዶ የሚገባባቸው ብሎኖች) ስምንት ናቸው። ጥርሱንና ዳዶው የሚቀመጥበትን ፊት ቅባ፤ በደረቁ ካሰርክ የቶርክ ቁልፉ ቁጥሩን ያሳይሃል እንጂ ጉልበቱ በፍትጊያ አልቋል። ዙሪያውን በተራ ቁጥር ስጥና 1፣ 5፣ 3፣ 7፣ 2፣ 6፣ 4፣ 8 እያልክ መጀመሪያ የሙሉ ቶርኩን 30 በመቶ፣ ቀጥሎ 60 ወይም 70፣ ከዚያ 100 አድርስ። በመጨረሻ በዚያው 100 በመቶ ዳዶው አልዞር እስኪል በተራ ዙር። አራት ሰዓት ቆይተህ አንድ ዙር ድገም። ግፊት እያለ ግን ቁልፍ አታስገባ።

በፍላንጆቹ መካከል ክፍተት ይቀራል፣ እንዲያ ነው የተሠራው፤ ፊታቸው እስኪነካካ ላጥብቅ አትበል። በቬርኒየር አራት ቦታ ለካው፤ እኩል ካልሆነ ወይ አጠባበቁ ወይ የቧንቧው አሰላለፍ ተዛንፏል።

አርኤክስ የሚባለው የቀለበት ዓይነት ይሻላል ወይ ላልከው፣ አርኤክስ 35 እዚያው ቦይ ውስጥ ይገባል፤ የውስጡ ግፊትም ስለሚያግዘው ንዝረት ባለበት ጥሩ ነው። ቁመቱ ስለሚበልጥ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ስታዱ መድረሱን አስቀድመህ ለካ። ቢኤክስ የሚባለው ቀለበት ግን ቦዩም ፍላንጁም ሌላ ነው፤ አትሞክረው።